አተር የምታህል ቅባት

በሃያ ሰባት ዓመቴ ብጉር ይዞኝ ይቀራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ብጉር እንደ ኩፍኝ በልጅነት ወጥቶ የሚያልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። አብረውኝ የተማሩት ሁሉ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርሱ ብጉራቸውንም እዚያው ትምህርት ቤቱ ግቢ ትተውት ወጡ፤ የኔው ግን ተከትሎኝ ሥራ ያዘ። አንዱ ግንባሬ ላይ ሲከስም ሌላው አገጬ ላይ ፈረቃውን ይረከባል። እንደ ዘበኛ ናቸው፤ ፊቴ አንድም ቀን ያለ ጠባቂ አድሮ አያውቅም።

ሥራዬ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ፊት የተመቸ አይደለም። ፒያሳ አጠገብ ባለ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ የሙሽሮችን ፎቶ በኮምፒዩተር አሳምራለሁ። በሙሽራዪቱ ግንባር ላይ በሠርጓ ዋዜማ ብቅ ያለችውን ብጉር በአንድ ጠቅታ አጠፋለሁ፤ የሚዜውን ያላበው አፍንጫ አደርቃለሁ፤ ለአማቲቱም ሳይጠይቁኝ ጥቂት ዓመት እቀንስላቸዋለሁ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ስትሠራ የዋለች ሴት ቤቷ ገብታ መስታወት ፊት ስትቆም ትዕግሥት ከየት ታምጣ? እጄ ጠቅ የሚደረግ ነገር ይፈልጋል። ፊቴ ላይ ግን የሚጠቀጠቅ እንጂ ጠቅ የሚደረግ የለም።

ብጉር ያለበት ሰው ሐኪም አያጣም። ያገኘኝ ሁሉ መድኃኒት ያዝዝልኛል። እሬት ቀቢ አሉኝ፤ ቀባሁ። ማርና ሎሚ ቀቢ አሉኝ፤ ቀባሁ፤ ዝንቦች ብቻ ወደዱኝ። የጥርስ ሳሙና ያሉኝም ነበሩ፤ ጉንጬ እንደ አፍ ሸተተ እንጂ ብጉሩ አልተነቀነቀም። ከሁሉም ምክራቸው የጸናው ግን የእትዬ ዘነቡ ነው። እትዬ ዘነቡ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን፣ የእናቴም የማኅበር ጓደኛ ናቸው። ልባቸው ሸጋ ነው፤ ጆሯቸው ግን ሁልጊዜ ከልባቸው ቀድሞ ይደርሳል። የሚያዝዙልኝ መድኃኒት አንድ ነው፤ አግቢ፣ ይለቅሻል። ባል ብጉር እንደሚያጠፋ ማን እንደነገራቸው አላውቅም። እኔ ግን ያገቡ ሰዎችን ፊት ከማንም በላይ አጉልቼ አይቻለሁ፤ በሠርጉ ፎቶ ላይ የነበረው ብጉር በመልሱ ፎቶ ላይም ቁጭ ብሎ ያየኛል።

በመጨረሻ፣ የጥር ሠርግ ከመግባቱ በፊት፣ ወደ ቆዳ ሐኪም ሄድሁ። ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። ፊቴን በመብራት አየችውና ሬቲኖይድ የሚባል፣ ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነ ቅባት እንደምታዝዝልኝ ነገረችኝ። የተደፈነውን የቆዳ ቀዳዳ ይከፍታል አለች። ለመላው ፊት የሚበቃው አተር የምታህል ብቻ ነው፤ ከዚያ አትለፊ አለች። በየቀኑ ሳይሆን መጀመሪያ አካባቢ ቀን እየዘለልሽ፣ ማታ ማታ፣ በደረቀ ፊት ላይ፤ ከላዩም ማለስለሻ። ቀን ስትወጪ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ሳትቀቢ እንዳትወጪ፤ ቆዳሽ ፀሐይ አይችልም። ሲጀምር ይብስበታል፤ አትደንግጪ፤ ሦስት ወር ታገሺው። እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ ሰማኋት። ራስ መነቅነቅና መስማት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያወቅሁት ኋላ ነው።

ከዚያ ወደ መድኃኒት ቤት ገባሁ። የመድኃኒት ባለሙያው ወጣት ነው፤ በመስታወት በኩል ስለሚያወራ ድምፁን ከፍ ማድረግ ለምዷል። ከኔ በቀር ሌላ ገዢ አልነበረም። የሐኪሟን ወረቀት አይቶ እርጉዝ መሆን አለመሆኔን ጠየቀኝ። ደብር አጠገብ ያደግሁ የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ አፍ አውጥቼ መመለስ አፍሬ ራሴን ግራና ቀኝ ወዘወዝሁ። እሱ ግን ጥንቁቅ ሰው ኖሮ ለወደፊቱም እንዳውቀው ብሎ ማስረዳቱን ቀጠለ። በዚህ መካከል የበሩ መጋረጃ ተገለጠና አንድ ሰው ከኋላዬ ገባ። ዞር ብዬ አላየሁም።

"እርግዝና ካለ ጥንቃቄ ይፈልጋል" አለኝ ባለሙያው። "መጀመሪያሽ ነው?"

ቅባቱን ማለቱ ነው። "አዎ፣ የመጀመሪያዬ ነው" አልሁት።

"አይዞሽ፤ መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፤ ኋላ ሰውነት ይለምደዋል።"

መድኃኒቴን ተቀብዬ ዞር ስል የደም ግፊት ኪኒናቸውን ሊገዙ የመጡት እትዬ ዘነቡ ቆመዋል። ሰላምታቸው ከወትሮው የለሰለሰ ነበር። እናቴን ደህና ናት ወይ አሉኝ፤ ያን ቀን ጠዋት አብረው ቆመው ሲያወሩ ትቻቸው እንደወጣሁ እያወቁ። እኔም ለብጉሬ መድኃኒት መግዛቴን ሰፈሩ ሁሉ እንዳይሰማ ብዬ ከረጢቷን ፈጠን ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኋት። ያ መደበቄ ምስክር እንደሚሆንብኝ በምን ልወቅ?

አሁን ወደ ቅባቱ እንምጣ። በመጀመሪያው ቀን የታዘዝሁትን አደረግሁ። አተር የምታህለዋን ጣቴ ላይ አውጥቼ አየኋት፤ ከዚያ ፊቴን አየሁት። ይህች ጠብታ ያን ሁሉ አገር እንዴት ታዳርሰዋለች? ሐኪሟ ቆጣቢ ሴት መስላ ታየችኝ። በሚቀጥለው ቀን ሁለት አተር አደረግኋት፤ ከዚያ ባቄላ፤ ከዚያ እህሉ ሁሉ አለቀብኝና እንደ ሙሽራ ቅቤ ዝም ብዬ እለቀለቅ ጀመር። ቀን መዝለሉንም ተውሁት። መድኃኒት ከሆነ ምን ያዘልለዋል? ሦስት ወር የተባለውን በአንድ ወር እጨርሰዋለሁ ብዬ አሰብሁ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስሁት ፊቴን ነው። ሳምንት ሳይሞላ ቆዳዬ ቀላ፣ ከዚያ ተቃጠለ፣ ከዚያ እንደ ሽንኩርት ይላጥ ጀመር። ስስቅ ከከንፈሬ ዳር ይረግፋል፤ ስለዚህ መሳቅ ተውሁ። ሳዛጋ ጉንጬ ይሰነጠቃል፤ ማዛጋት ተውሁ። የወጥ እንፋሎት ያቃጥለኛልና ድስት ሲከፈት ፊቴን አዙሬ እወጣለሁ። ተሸሽገው የነበሩት ብጉሮችም ጥሩንባ የተነፋላቸው ይመስል ባንድ ጊዜ ተሰልፈው ወጡ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ መሄድ ጀመርሁ። የማትስቅ፣ ድስት የሚሸታት፣ ነጠላ የምትከናነብ ያላገባች ሴት ሰፈር ውስጥ ምን እንደምትመስል ያኔ አላሰብሁም።

በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለሁ ነው ጋሼ ኑሩ አዲ አርቃይ ሠርግ አለብን ያሉኝ። ጋሼ ኑሩ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ከጥንት ጀምሮ በንግድ ከኖረ የጎንደር እስላም ቤተሰብ የተወለዱ፣ ድምፃቸው ከሹክሹክታ ከፍ የማይል፣ ሰው ላለማስቀየም ብለው ጉንፋን እንኳ ቢይዛቸው ዞር ብለው የሚያስነጥሱ ሰው። እሳቸው ያነሣሉ፣ እኔ ሪፍሌክተር እይዛለሁ። ሪፍሌክተር ብርማ ጨርቅ የተወጠረበት ክብ ነገር ነው፤ የፀሐይን ብርሃን መልሶ ሙሽሮቹ ፊት ላይ ይጥላል። ጠዋት ስንነሣ ብርድ ነበር፤ ደባርቅ ስንደርስማ ጋቢም አልበቃን። በዚያ ብርድ ስለ ፀሐይ ማን ያስባል? መከላከያ ክሬሜ ቤት ውስጥ መስኮት ላይ ቁጭ ብሎ ፀሐይ ይሞቃል።

ከደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን መውረድ ነው። ያን ጠመዝማዛ የወረደ ያውቀዋል፤ መንገዱ ሳይሆን አንጀት ነው የሚጠማዘዘው። ማኪናዋን ሁለት ጊዜ አስቁሜ አስመለሰኝ። ጋሼ ኑሩ ውኃ ይዘው ከኋላዬ ቆሙልኝ፤ ምንም አላሉኝም፤ ሌላ ጊዜ ግን አንዲት ቀልድ ጣል ያደርጉ ነበር። ዝምታቸውን ልብ አላልሁትም። ሚስታቸው የእትዬ ዘነቡ ደንበኛ መሆናቸውንም በዚያን ሰዓት አላስታወስሁም፤ ለእትዬ ዘነቡ የሚፈትሉትን ጥጥ የሚሸጡላቸው የጋሼ ኑሩ ሚስት ናቸው።

አዲ አርቃይ ከተራራው ሥር ናት፤ ፀሐይዋ ከላይም ከታችም ትመጣለች። እኔ ደግሞ ሦስተኛ ፀሐይ በእጄ ይዣለሁ። ሪፍሌክተሩን አቅጣጫ እስካስይዝ ድረስ ጨረሩ መጀመሪያ የሚያርፈው እኔው ላይ ነው። ነጠላ ተከናንቤ እንዳልሠራ ነፋሱ ይገልጠዋል። እኩለ ቀን ሲሆን ጉንጬ ምጣድ ላይ የተረሳ ቆሎ ሆነ። ከዳሱ ጥላ ሥር ገብቼ ፊቴን በእርጥብ ጨርቅ ስይዝ የሙሽራው አያት፣ አያ መላኩ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ዘንጋቸውን ተደግፈው መጡና ጎንበስ ብለው አዩኝ።

"ምነው ልጄ፣ ፊትሽን ምን አገኘው?"

ቅባት ቀብቼ ነው አልኋቸው። ቅባት እንዲህ አያደርግም አሉ። የበላ ሰው ፀሐይ ሲያገኘው የሚይዘው ምች ነው፤ እሳቸው ብዙ አይተዋል። እንግዳ በሠርጋቸው ታምማ መሄዷን አልወደዱም። ሰው ልከው ዳማከሴ አስቀጠፉ፤ ቅጠሉን ራሳቸው በመዳፋቸው አሽተው ጭማቂውን በተላጠው ጉንጬ ላይ አሹልኝ። ሽማግሌ ሲያክምሽ አይሆንም አይባልም። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ቃጠሎውን ለመናገር ቃል የለኝም፤ አያ መላኩ ግን እንባዬን አይተው ደስ አላቸው። ሲለቅ እንዲህ ያስለቅሳል አሉኝ። ወደ ማታ ሲሸኙኝም፣ የተሻለኝ መሆኑን ከአፌ ካልሰሙ እንደማይለቁኝ ስላወቅሁ፣ ተሽሎኛል አልኋቸው። መረቁኝ፤ ልጅ ይስጥሽ አሉኝ። ጋሼ ኑሩ አሜን ሲሉ ሰማኋቸው።

ጎንደር ስመለስ መቅላቱ ወደ ጥቁረት ተለወጠ። በሁለቱም ጉንጮቼ ላይ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የተዘረጋ ጥቁር ጥላ ወጣ። ቤት ስገባ እትዬ ዘነቡ ከእናቴ ጋር ተቀምጠዋል። እናቴ መንገዱ እንዴት ነበር አለችኝ፤ ሁለት ጊዜ አስመለሰኝ አልኋት። እትዬ ዘነቡ ፊቴን አዩ፤ ከዚያ እናቴን አዩ፤ ከዚያ መሬት አዩ። እኛ ጋ እንዲህ ያለውን የፊት ጥቁረት ማዲያት ይሉታል፤ ማዲያት ያወጣች ሴት ደግሞ ምን እንደሆነች ለማወቅ አዋላጅ አያስፈልግም። እኔ ግን የማስበው ስለ ፀሐይ ነበርና እንደደከመኝ ተናግሬ ገብቼ ተኛሁ። ስተኛ ከሳሎን የሚሰማው ወሬ ዝግ ሲል ታውቆኛል፤ ለኔ እረፍት ያሰቡ መስሎኝ ነበር።

በኛ ሰፈር ነገር ፊት ለፊት አይጠየቅም፤ ዙሪያውን ይታጠራል እንጂ። ማንም ምንም አላለኝም። ብቻ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ደግ ሆነብኝ። ከቧንቧ የቀዳሁትን ጀሪካን የጎረቤት ልጆች ከእጄ ነጥቀው ወሰዱልኝ። ባጃጅ ውስጥ እንዳልጨናነቅ ብለው ሰዎች ወረዱልኝ። አትክልት የምትሸጠው ሴት ሳልጠይቃት ብርቱካን መርቃ ሰጠችኝ፤ ስትሰጠኝም እጄን ያዝ አድርጋ፣ ሁሉም ያልፋል አለችኝ። ቤቴ ገብቼ መስታወት ፊት ቆምሁና አለቀስሁ። ይህን ያህል አስቀያሚ ሆኛለሁ ማለት ነው ብዬ። ሰው ስለ ብጉር እንዲህ ያዝናል? አስቡት፤ ባጃጅ የሚያስለቅቅ ብጉር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሼ ኑሩ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከእንግዲህ ሪፍሌክተር መያዙን ትቼ ኮምፒዩተሩ ላይ ብቻ እንድሠራ፣ ድካም ሲሰማኝም ሳላስፈቅድ ቤቴ እንድገባ ነገሩኝ። ይህን ሁሉ የሚሉት ግድግዳውን እያዩ ነው። ከፀሐይ ስላወጡኝ ደስ ብሎኝ አመሰገንኋቸው።

"ሐኪም አይቶሻል?" አሉኝ።

"አይታኛለች። ሦስት ወር ነው ብላኛለች።"

ጋሼ ኑሩ ከግድግዳው ላይ ዓይናቸውን አንሥተው ለአፍታ ወደኔ አዩና መልሰው ግድግዳው ላይ አደረጉት። "ሦስት ወር? አይታይብሽም እኮ።"

"በነጠላ ስለምሸፍነው ነው" አልሁ።

አላህ ያቅልልሽ ብለው ተነሡ። በማግስቱ ከወንበሬ ላይ ለወገብ የሚሆን ትራስ አገኘሁ። እግዜር ይስጣቸው፤ ወገቤን የሚያመኝ መሆኑን ማን ነገራቸው ብዬ ተደነቅሁ፤ ኮምፒዩተር ላይ የሚውል ሰው ወገቡን መታመሙ አይቀርምና።

እንዲህ እያልሁ ሁዳዴ ገባ። የመሪጌታ ቤት ሁዳዴ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ልንገረው፤ በኛ ግቢ ድመቷም የምትጾም ይመስለኛል። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ በደብራችን ዜማ ሲመራ የኖረ ሰው ነው። በትንሹ በትልቁ የሚቆጣ አይደለም፤ ግን በኛ ቤት ሕግ ሕግ ነው። ልጅ ሳለሁ በረቡዕ ቀን አንዲት ከረሜላ ወተት አለባት ተብዬ ከአፌ የተፋኋት ትዝ ትለኛለች። እና በሁዳዴ የመጀመሪያው ሳምንት፣ አንድ ቀን ከሥራ ስገባ፣ እናቴ ወደ ጓዳ ጠርታ አስቀመጠችኝና አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት አቀረበችልኝ።

ወተቱን አየሁት። ጾም እኮ ነው አልኋት። የንስሐ አባታችን ፈቅደዋል፣ ጠጪ አለችኝ። ዓይኗ አብጧል። በልቤ፣ ይኸው ብጉሬ ቤተ ክርስቲያንም የምታውቀው ሕመም ሆነ አልሁ። ብርጭቆውን እንደያዝሁ አባቴ ከደብሩ ገባ። ወተቱን አየው። እኔም ወዴት እንደምሸሽገው ጨነቀኝ። መቋሚያውን ከግድግዳው አስደግፎ ጥምጥሙን ሳያወርድ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

"ወለትየ፣ ጠጪው" አለኝ። ወለትየ በግእዝ ልጄ ማለት ነው፤ እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ስታመም ብቻ ነው። "አባን የጠየቅኋቸው እኔ ነኝ።"

ይህን ያህል አልታመምሁም እኮ ብዬ ጀመርሁ። እጁን አንሥቶ አስቆመኝ። ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ እንደ ወትሮው ቃላቱን እየለየ ተናገረ።

"ነገሩን ከሰው ሰማሁ። ከአንቺ እስክሰማ ብዬ ዝም አልሁ፤ አንቺም ዝም አልሽ። ኋላ ሳስበው የፈራሽው እኔን ነው። ልጄ እኔን ፈርታ ተከናንባ እንድትኖር አልፈልግም። ማን እንደሆነ ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ፤ ካልፈለግሽም አልጠይቅሽም። ልጁ ግን እዚህ ቤት ይወለዳል፣ እዚህ ቤት ያድጋል። ሰው የሚለው ነገር ቢኖረው ለኔ ይበለኝ።"

"ልጁ? የቱ ልጅ?" አልሁ።

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ታለቅስ ጀመር።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጀሪካኑ፣ ባጃጁ፣ ብርቱካኑ፣ ትራሱ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባኝ። ልስቅ ነበር፤ ግን አልሳቅሁም። ምክንያቱም አባቴን አየሁት። ይህ ሰው ነገ ጠዋት ካህናቱ መካከል ይቆማል፤ ጀርባውን እያዩ ይንሾካሾካሉ፤ እሱም ይህን ሁሉ አስቦ፣ መዝኖ፣ ጨርሶ መጥቷል። እኔ ስለ ብጉር መስታወት ፊት ሳለቅስ እሱ ስለ እኔ ስንት ቀን ብቻውን ሲብሰለሰል ኖሯል። አለቀስሁ። ማልቀሴ ደግሞ ነገሩን ሁሉ አጸደቀው፤ እናቴ ባሰባት። እንባው የተላጠው ጉንጬ ላይ ሲደርስ ግን ቃጠሎው ቀሰቀሰኝና መናገር እንዳለብኝ አስታወስሁ።

ሮጬ ቅባቱን አመጣሁ። ይኸ ነው ያረገዝሁት አልኋቸው። መድኃኒት ቤቱን ነገርኋቸው፤ የመጀመሪያዬ ነው ያልሁት ስለምን እንደሆነ ነገርኋቸው። እናቴ እንባዋን ሳታብስ ትመረምረኝ ጀመር። ማስመለሱስ? ሊማሊሞ ነው። ድስቱ የሚሸትሽስ? እንፋሎቱ ስለሚያቃጥለኝ ነው። ማዲያቱስ? አዲ አርቃይ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ትንሿን የቅባት ካርቶን አገላበጠ። ጎኗ ላይ ሆዷ የገፋ ሴት ሥዕል አለ፤ በላይዋ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሯል። ይህችስ ማናት አለኝ። ይህን ቅባት አትቀቢ የተባለች እርጉዝ ናት፤ እኔ ብሆን ኖሮ ባልቀባሁት ነበር አልሁት።

እናቴ መጀመሪያ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ከዚያ ሳቋ መጣ። ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። ስትስቅ ስትስቅ ድንገት ጾም መሆኑ ትዝ አላትና ወተቱን ከእጄ ነጠቀችኝ። አባቴ ግን አልሳቀም። ካርቶኑን በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"እንግዲያው የለም?" አለ።

"የለም፣ አባባ።"

"ምንም?"

"ምንም።"

ተመስገን አለ። ተመስገን ሲል ግን ድምፁ፣ የመጣ እንግዳ ደጅ ላይ ቆሞ ቤት ተሳስቼ ነው ብሎ የተመለሰበት ሰው ድምፅ ነበር።

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። እትዬ ዘነቡ በማግስቱ መጥተው እግሬ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ያዝኋቸው። ክፉ አላሰቡም፤ እንዲያውም ወሬውን ያወሩት ሰው ከባድ እንዳያሸክመኝ ብለው ነበር። ራሳቸው ያሠራጩትን ራሳቸው ሊሰበስቡት ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞሩ። ነገር ግን ወሬ ሲሄድ በማኪና ነው፤ ሲመለስ በእግሩ ነው፤ አንዳንዱ ቤት እስካሁንም አልደረሰም። አትክልት ሻጯ እስከ ሰኔ ድረስ ሆዴን በጎን እያየች ብርቱካን ትመርቅልኝ ነበር። ጋሼ ኑሩ ነገሩን ሲሰሙ በኀፍረት አንድ ሳምንት ሙሉ በኋላ በር ገቡ። ትራሱን ልመልስልዎ ስላቸው ወገብ ወገብ ነው፣ ያዥው አሉኝ።

ወደ ሐኪሟ ተመለስሁ። ፊቴን አይታ ምን ያህል ነበር የምትቀቢው አለችኝ፤ ነገርኋት፤ ብዕሯን አስቀመጠች። እስኪያገግም አስቁማኝ ከዚያ እንደገና አስጀመረችኝ። በዚህኛው ጊዜ የታዘዝሁትን ብቻ አደረግሁ፤ ትንሽ፣ ቀን እየዘለልሁ፣ ማለስለሻውን ሳልረሳ፣ ጠዋት የፀሐይ መከላከያዬን ተቀብቼ። አሰልቺ ነው። ጠዋት ስነሣ ምንም አልተለወጠም፤ በማግስቱም ምንም የለም። ከዚያ አንድ ቀን፣ ክረምቱ ገብቶ ሳለ፣ ፊቴን ስታጠብ እጄ የሚያርፍበት አጣ። ለስላሳ ነው። አንድ ሁለት ዘበኛ አገጬ ላይ ቀርቷል፤ እሱም ዕድሜው ለጡረታ የደረሰ ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ከአባቴ ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጠን ዝናቡን እናይ ነበር። እናቴ ውስጥ ናት። አባቴ ብዙ የማያወራ ሰው ነው፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጭራሽ ይዘጋል። ወደኔ ሳይዞር፣ ስም አውጥቼለት ነበር አለኝ።

ለማን ልል ስል ገባኝ። ምን ልትለው ነበር አልሁት።

አባቴ ከጣራው የሚወርደውን ውኃ አየ። ከዚያ ነጠላውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ተነሣ።

"ሲመጣ እነግረዋለሁ" አለኝና ገባ።